ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ለማሠራት ላሰባችሁ ዳያስፖራዎች

«ግቢው ሰፊ ነው፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ብንሠራበት አይሻልም?» ይህቺ ጥያቄ በስልክ ስትመጣ ቀላል ትመስላለች። እኔም ሳላስብ «ጀምሩት» አልኩ። ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ዋናው ቤት ካርታ አለው ማለት ሰርቪሱ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ለእሱም ፕላን ይሠራል፣ ግንባታ ፈቃድ ይወጣል። «ጎረቤቱ ሁሉ ያለ ፈቃድ ነው የሠራው» የሚላችሁን አትስሙ። ጎረቤቱ እዚያው ነው፣ አፍራሽ ሲመጣ ወጥቶ ይከራከራል፤ እናንተ ግን ወሬውን የምትሰሙት ግድግዳው ከወረደ በኋላ ነው። ካርታውንም በፎቶ አስልኩና ስፋቱንና ወሰኑን ራሳችሁ እዩት። ሰርቪስ አብዛኛውን ጊዜ አጥር ተጠግቶ ስለሚሠራ፣ አጥሩ ከካርታው ጋር ካልገጠመ ነገር ይመጣል።

ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት በስማችሁ እንዲሆን የሚያስችላችሁ እሱ ነው።

ውክልና ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትፈልጉትን በዝርዝር አስጽፉ፦ ፕላን ማጸደቅ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ከኮንትራክተር ጋር መዋዋል፣ ውሃና መብራት ማስገባት። ቅጹ ላይ «መሸጥ መለወጥ» የሚል ካለ አስወጡት፣ ወንድማችሁም ቢሆን። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የፈረማችሁበትን ዋናውን ላኩ፤ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል።

ብር የሚይዘው፣ ዕቃ የሚገዛውና ሥራውን የሚቆጣጠረው አንድ ሰው አይሁን። ያ ሰው ሌባ ባይሆን እንኳን ስህተቱን የሚያይለት የለም። የእጅ ዋጋን ከዕቃ ለዩ፣ ክፍያውን በደረጃ ቁረጡት፦ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን። ብሩ በባንክ ይሂድ።

አሁን ወደ ፎቶው። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ሊሸፈን የተቃረበው ነገር ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሜትር ፌሮው ላይ ተዘርግቶ፣ ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በስንት በስንት ሴንቲ እንደታሰረ በቪዲዮ ይታይ። ቪዲዮውን አገር ቤት ያለ፣ ከኮንትራክተሩ ጋር የማይተዋወቅ መሐንዲስ ይየው፤ እሱ እሺ ሳይል አይሞላም በሉ። የኔ ሴፕቲክ ታንክ ፎቶው የደረሰኝ ተከድኖ አፈር ከለበሰ በኋላ ነበር። የአፈር ፎቶ በሉት። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ገነፈለና ሲቆፈር፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት አለው የተባለው ጉድጓድ የሰው ደረት ላይ ቀረ። ሁለተኛ ከፈልኩ።

ኮንክሪቱ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ይህን ግንበኛው ይረሳዋል፤ እናንተ ግን ጠዋትና ማታ ደውላችሁ «ጠጣ?» በሉ፣ እንደ ጨቅጫቃ ብትታዩም።

ቆጣሪ ከተቻለ ለብቻው ይግባ፤ በመብራት ሂሳብ ያልተጣላ ተከራይ አላየሁም። ሰርቪሱ ውስጥ የሚገባው ዘመድ ቢሆን እንኳን ውል ይጻፍ። «በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት?» ብሎ ያኮርፋል። ያኩርፍ።