ልጆችን በጥቢ ገጠር ለመውሰድ፦ ከጎንደር ለምትነሱ

ጎንደር ከተማ የሚኖር፣ ዘመዱ ገጠር ያለ ሰው ልጆቹን ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ለበዓል ነው። ጥሩ ነው። ግን በበዓል ልጅ የሚያየው ድግስ እንጂ እርሻ አይደለም። የሚበላው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ በጥቢ ውሰዱት። ዝናቡ አብቅቶ ሰማዩ የጠራበት፣ ማሳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚዞርበት ጊዜ ነው። ይህ ወቅት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ሦስት ወር ሙሉ አለላችሁ። ነገር ግን የጥቅምቱና የኅዳሩ ገጠር አንድ አይደለም፤ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ልጆቹ ምን እንዲያዩ እንደምትፈልጉ ወስኑ።

እኔና ባለቤቴ የምንወስዳቸው ወላጆቼ ዘንድ ነው፤ ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ። የምነግራችሁም ከዚያው ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ደውሉ

ቀጠሮውን የሚይዘው እህሉ ነው። እዚያ ደጋ ላይ የባቄላና የገብስ እሸት የሚደርሰው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በጥቅምት ነው። አጨዳው ኅዳርን ይዞ ወደ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ውቂያው ይከተላል። ክረምቱ ዘግይቶ ከገባ ሁሉም ይገፋል። ስለዚህ በካላንደር አትመሩ። አባቴ «እሸት ደርሷል፣ ልጆቹን አምጪያቸው» ካሉኝ የዚያን ሳምንት እንሄዳለን። ካዘገየሁት ፍሬው ይጠነክራል።

በዚያው ስልክ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የመንገዱ ሰላም ነው። ይህን ከሰፈሩ ሰው ጠይቁ፤ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊትም ድገሙት። ጥርጣሬ ካለ ቅሩ፤ እሸት ለከርሞም አለ።

ሁለተኛው በዓል ነው። ይህን የከተማ ሰው ይዘነጋዋል። በወላጆቼ መንደር ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ነው፤ ማጭድ አይያዝም፣ በሬ አይጠመድም። ከዚያ ላይ በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ፤ እንደየደብሩም ይጨመራል። ቅዳሜ ሄዳችሁ እሁድ ከተመለሳችሁ አጨዳ የሚባል ነገር አታዩም። ለእሸትና ከብት ለማገድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል፤ ከብት በሰንበትም ይሰማራል። ለአጨዳና ለውቂያ ግን የሥራ ቀን ያስፈልጋል። እኔ ለአስተማሪዎቻቸው አስቀድሜ ነግሬ በኅዳር አንድ ሰኞ አስፈቅዳለሁ። እስካሁን ይህን ሰምቶ የከለከለኝ አስተማሪ የለም።

ጓዝ

አምባ ጊዮርጊስ በደባርቅ መንገድ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች። ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ልጅ ኮፍያ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ካልሲና ጋቢ ያዙ። በመስከረም ጭቃው ገና ስላልደረቀ ቦቲ አድርጉላቸው።

ለቤቱ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ውሰዱ። ብስኩትና ከረሜላ ግን ባትወስዱ እመርጣለሁ። እሸት በሞላበት ወር ልጅ በብስኩት ጠግቦ ማሳ ሲገባ ያሳዝነኛል።

እሸት

ልጆቹ ማሳው ውስጥ ዘው ብለው እንዳይገቡ። ባለቤቱ ይቅደም። አባቴ ዳር ዳሩን ይዘው ይወስዷቸውና የሞላውን ካልሞላው በጣታቸው እንዲለዩ ያሳዩአቸዋል። ከዚያ የሚቆረጠው ፍሬው ብቻ ነው፤ ተክሉ አይነቀልም። የከተማ ልጅ ግን እጁ መንቀል ይቀናዋልና ተከታተሉት።

ባቄላው ከነቅርፊቱ ፍም ላይ ይጣላል። ቅርፊቱ ጠቁሮ ጫፉ ሲፈነዳ አውጡት፤ ውስጡ በራሱ እንፋሎት በስሏል። ጥሬው ለልጅ ይጣፍጠዋል፣ ግን ሲበዛ ሆድ ይነፋል። ትንሽ ጥሬ፣ ብዙ ጥብስ ይሻላል።

የገብስ እሸት ብልሃቱ ይለያል። ልኩን ለማወቅ ፍሬውን በጥፍር ጫኑት። ወተት ከፈሰሰ ገና ነው። እንደ ሊጥ ከሆነ ደርሷል። እናቴ ዛላውን በእፍኝ ትይዝና የጭድ እሳት ላይ ታገላብጠዋለች። ጢሙ ጭርር ብሎ ይነዳል። ፍሬው ሳይጠቁር ፈጥና ታነሳዋለች። ከዚያ ትኩሱን ሰፌድ ላይ በመዳፏ ታሸዋለች፣ እፍ ትላለች፣ ታበጥረዋለች። ገለባው ይሄዳል፣ አረንጓዴው ፍሬ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይቀራል። ልጆቹን እዚህ ላይ አስገቧቸው። ማሸቱን ራሳቸው ይሥሩት፤ አትሥሩላቸው። እጃቸው ይጠቁራል፣ ትንሽም ይፋጃቸዋል። ትንሿ ልጄ ከተማ ውስጥ የገብስ ቆሎ ስጧት አትነካም፤ ያንን ግን እስኪያልቅ ከሰፌዱ አጠገብ አትነሳም። በእጇ ስለሠራችው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም እናቴ አታጎድለውም፤ በዚያ ሰሞን ቤቱ ሽሮና እሸት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ የቤቱን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጆቹን ግን ቅዳሜ ማታ ለማኅሌተ ጽጌ ወደ ደብሩ ውሰዷቸው። እንቅልፍ ከጣላቸው በጋቢ ጠቅልላችሁ አስተኟቸው፤ ከበሮውን በእንቅልፍ ልባቸውም ይሰሙታል።

ጥበቃ

እህል ሲያፈራ ዝንጀሮና ወፍ ይበዛበታል። የእኔ ልጆች የአጎታቸውን ልጆች ተከትለው ጥበቃ ይወጣሉ፤ ከሁሉም የሚወዱት ይህን ነው። ወንጭፍ መወንጨፍ መማር ይፈልጋሉ። ይማሩ፤ የሚያስተምራቸው ግን ትልቅ ሰው ይሁን። ከወንጨፊው ፊትም ጎንም ማንም አይቁም።

አጨዳና ውቂያ

አጨዳ ደቦ ከሆነ ብዙ ሰው ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ስትደርሱ «እግዜር ያበርታችሁ» በሉ፤ ልጆቹም ይበሉ። ቆሞ ማየትና ፎቶ ማንሳት ብቻ ደስ አይልም፤ ሥራ ጠይቁ። እኔ አጭዳለሁ፣ ባለቤቴ ነዶ ይሸከማል። ለልጅ ማጭድ አትስጡ። ለልጅ የሚሆነው ውኃ ማመላለስና ቃርሚያ ነው። አጫጆቹ ካለፉ በኋላ የወደቀውን ዛላ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። የትልቁ ልጄ ትዕግሥት እዚያ ላይ ነው የተገለጠልኝ፤ ቤት ውስጥ ለአፍታ የማይቀመጥ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ይውላል። ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ ቃርሚያው ለአቅመ ደካማ ይተዋል። ያን ለልጅ አስረዱት፤ ይገባዋል።

ውቂያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ታደላችሁ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ የደረቀ መሬት ነው። አባቴ እህል ላይ ጫማ አይወዱም፤ ሁላችንም አውልቀን እንገባለን። ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጡታል፣ በመንሽ ይገላበጣል። ልጆቹ ከትልቅ ሰው ጋር ሆነው ከበሬዎቹ ኋላ ይንዱ፤ መሃል አይግቡ። ከዚያ ነፋስ ይጠበቃል። ነፋሱ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል፤ እብቁ ይርቃል፣ ፍሬው እግር ሥር ይወርዳል። ቁሙ ስትባሉ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ። በሌላው በኩል የቆመ ዓይኑ በእብቅ ይሞላል፤ የገብሱ ደግሞ አንገት ያሳክካል። ለልጆቹ ሻርፕ አስሩላቸው።

ዘመዳችሁ ደንቢያ ከሆነ

ነገሩ ይቀየራል። ጣና ዳር ሞቃት ነው። ብርዱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ወባ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት ወባ የሚበዛባቸው ናቸው። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩት።

እሸቱም ሌላ ነው። ሽምብራው የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ነው። እሸቱ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ወደ ታኅሣሥና ጥር ነው። ልጆቹ ቅጠሉን ነክተው ጣታቸውን ይላሱት፤ ይኮመጥጣል። ጓያ ካለ ደግሞ እንደ ሽምብራው እንዳሻቸው እንዲበሉት አትተዉ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ያደርጋል። ይህን የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ የከተማ ልጅ ግን ከአተር አይለየውም።

ስትመለሱ

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣችሁ በጊዜ ተነሱ። እምቢ ብትሉም እሸት ያሸክሟችኋል፤ በደስታ ተቀበሉ። ግን ፌስታል ውስጥ አፍናችሁ አታምጡት፤ ያልበውና ቅርፊቱ ይጠቁራል። በጆንያ ወይም በዘምቢል አድርጉትና ቤት ስትደርሱ ዘርግታችሁ አስጡት፤ በማግሥቱ ለጎረቤት አካፍሉና ጨርሱት። ልጆቹ የለበሱትን ደግሞ ቤት ሳታስገቡ ፀሐይ ላይ አውጡት፤ ቁንጫ ይኖረዋል።