ዓይን ሲያለቅስ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ፦ የጠበበ የእንባ መውረጃ ምርመራና ሕክምና

ዓይኑ ያለማቋረጥ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ጊዜ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይታዘዝለታል፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ይጨመርለታል። የታችኛውን ቆብ ገልበጥ አድርጎ የእንባ መውረጃ ቀዳዳውን ያየለት ግን ላይኖር ይችላል። ቀዳዳው ከጠበበ የትኛውም ጠብታ እንባውን አያወርደውም።

ቀዳዳው በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ በአፍንጫ በኩል ካለው የዓይን ጥግ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ነጣ ባለች ትንሽ ጉብታ አናት ላይ ይገኛል። ስፋቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይገባና ወደ አፍንጫ ታጥፎ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙ፤ መሣሪያ ስታስገቡ እጃችሁን የሚመሩት እነሱ ናቸው።

ምርመራው ምንም ጠብታ ሳይጨመር በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ ባለ መብራት መሣሪያ) ይጀመራል። ቆቡን ሳትነኩት ቀዳዳው ፊት ለፊት ከታያችሁ ቆቡ ወደ ውጭ ዞሯል ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ማስፋት ብቻውን አይፈታውም። ቆቡን ገልበጥ ስታደርጉ ጉብታዋ በስስ ሽፋን ተሸፍና፣ ወይም ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ አክሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ወደ ውስጥ የበቀለ ሽፋሽፍት መኖሩንም እዩ። ትራኮማ ባለበት አካባቢ ጠባሳው ቀዳዳውንም ቦዩንም ያጠባል፤ ዓይኑን የሚፈትገው ፀጉር ደግሞ በራሱ ያስለቅሳል፤ ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፀጉሩ ነው። የደረቀ ዓይንም ያለቅሳል። ሺርመር (የእንባ መጠን መለኪያ ወረቀት) በ5 ደቂቃ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከረጠበ ቀዳዳ ለማስፋት አትቸኩሉ፤ ድርቀቱን ታብሱታላችሁ።

ቀጥሎ ሁለቱም ዓይኖች ላይ እኩል ፍሎረሲን (ቢጫ ቀለም) አድርጉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ታካሚው ዓይኑን ያርገብግብ እንጂ አይጥረግ። በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ላይ ቢጫው ካቀረረ ፍሳሹ ተይዟል።

የፊተኛውን የዓይን ክፍል የሚያነሳ ኦሲቲ (በብርሃን የውስጥ ምስል የሚያነሳ ማሽን) ካለ ምስሉ ከማስፋቱ በፊት ይነሳ፤ ዳይሌተር (ቀዳዳ ማስፊያ ቀጭን ብረት) የነካው ቀዳዳ የቀድሞ መጠኑን አያሳይም። ታካሚው ወደ ላይ ይይ፤ ቆቡን በጣት ቀስ ብላችሁ ብቻ ገልብጡ፣ ከሳባችሁት ቀዳዳው ይለጠጣል። ደጋግማችሁ አንሱና አፉ በሰፊው የታየበትን ቁራጭ ለኩ። ኦሲቲ የአፉን ስፋት፣ የቦዩን የላይኛ ክፍል ጥልቀትና ሽፋን ካለ ያሳያል፤ የእንባ ከረጢቱን ግን አያሳይም። ማሽኑ ከሌለ የስሊት ላምፕ ፎቶ ይበቃል።

ከቀዳዳው በታች ያለው መንገድ ክፍት መሆኑ የሚረጋገጠው በማጠብ ነው። ከረጢቱ አብጦና ቀልቶ የሚያም ከሆነ አታጥቡ። ቴትራካይን (ማደንዘዣ ጠብታ) ጨምሩ፤ ቆቡን ወደ ጆሮ በኩል ወጠር አድርጋችሁ ዳይሌተሩን መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ 2 ሚሊ ሜትር አስገቡ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ አዙሩት። አልሄድ ካለ አትግፉት፤ የተገፋ ብረት የራሱን መንገድ ይበሳል፣ ኋላም ጠባሳ ይተዋል። በ26 ጌጅ ካኑላ (ቀጭን ማጠቢያ ቱቦ) 2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ታካሚው «ጉሮሮዬ ጨው ጨው አለኝ» ይላል። ውሃው በገባበት ከተመለሰ ቦዩ ተዘግቷል፤ በላይኛው ቆብ ቀዳዳ ከወጣ ችግሩ ከሁለቱ ቦዮች መገናኛ ጀምሮ ነው፤ መግል ይዞ ከወጣ ደግሞ ከከረጢቱ በታች ነው። እዚህ ላይ ቀዳዳ መቁረጥ ከንቱ ነው፤ ወደ እንባ ቦይ ቀዶ ሐኪም ላኩ።

መንገዱ ክፍት ሆኖ አፉ ብቻ ከጠበበ በቅድሚያ የቆብ ጠርዝ ቁጣን አክሙ፦ ለ5–10 ደቂቃ ሙቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ማጽዳት። በዳይሌተር ማስፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠባል፤ የሚዘልቀው ቅዱ (ቀዳዳውን ቆርጦ ማስፋት) ነው። 2% ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ወግታችሁ በቫናስ (ትንሽ የዓይን ቀዶ ሕክምና) መቀስ ሦስት ጊዜ ቁረጡ፦ ቀጥ ያለውን ቦይ በሁለት ጎኑ ወደ ታች፣ ከዚያ ከሥሩ አግድም። የሚወጣው ቁራጭ ከዓይን ኳሱ ጎን ካለው ግድግዳ ብቻ ይሁን፤ ወደ አግድሙ ቦይ ከገባችሁ ቆቡ እንባን የሚስብበት ኃይል ይደክማል። ቦዩም ከጠበበ ሚኒ ሞኖካ የሚባል የሲሊኮን ቱቦ ገብቶ ለሳምንታት ይቆያል። በየሳምንቱ ዶሲታክሴል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ማልቀስ ከጀመረ ይህ ቱቦ ቶሎ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ቦዩን እስከ ውስጥ ሊዘጋው ይችላል።

ከቅዱ በኋላ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ ጠብታ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ግፊቱ ይለካ። በሳምንቱ ፍሎረሲኑን ድገሙ። የቁስሉ ከንፈሮች መያያዝ ከጀመሩ በዳይሌተር ለያዩአቸው። ቀዳዳው ተከፍቶ ቀለሙ አሁንም ካቀረረ የታችኛውን ቆብ ወደ ፊት ስባችሁ ልቀቁት፦ ሳያርገበግብ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ቆቡ ላልቷል፣ መጠገን ያለበትም እሱ ነው።