ኢኤስፒ32 ቦርድን ከኮምፒውተር ጋር ስናገናኝ

ኢኤስፒ32 ፕሮግራም የሚጫንበት፣ ሴንሰርና መብራት የመሳሰሉትን የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ደብረ ብርሃን ላላችሁ ጀማሪዎች መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ኬብሉ ነው። ብዙ የስልክ ኬብል ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ቦርዱን አያየውም፣ እኔም በዚሁ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ። ዳታ የሚያስተላልፍ ያዙ።

ከዚያ ፕሮግራም ጽፈን ወደ ቦርዱ የምንልክበትን ሶፍትዌር፣ አርዱይኖ አይዲኢን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑ። ቦርድ ማናጀር (የየቦርዱ ፋይል የሚወርድበት የአይዲኢው ክፍል) ውስጥ ኢኤስፒ32 ብላችሁ ፈልጉና አውርዱ፤ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ መብራትና ዋይፋይ ባለበት ሰዓት ጨርሱት። ፖርቱ (ቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) አይዲኢው ውስጥ ካልመጣ ዩኤስቢው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 ከሆነ የእሱን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ጫኑ።

ቦርዱንና ፖርቱን መርጣችሁ ብሊንክን (መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ የሙከራ ፕሮግራም) ላኩ። «ኮኔክቲንግ» ላይ ከቆመ፣ መጻፍ እስኪጀምር ቡት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ፒኖቹ (ሽቦ የሚሰካባቸው የቦርዱ እግሮች) የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ እንዳትሰኩ፣ አደራ።