ጠመንጃ ሲነክስ፦ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያን እንዴት መርምረን እናስለቅቃለን?

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ (ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያቀባብል) አንድ ቀን መንከሱ አይቀርም። አዲስም ይሁን ውድ፣ ሲተኮስ ቆይቶ በድንገት ቀጥ ይላል። መንከሱ ብቻውን ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የምናደርገው ነገር ነው። ሰው ይደነግጣል። ምን እንደሆነ ለማየት ጠመንጃውን ወደ ጎን ያዞራል። አፈሙዙም አጠገቡ የቆመው ሰው ላይ ያርፋል፤ ጣቱ ደግሞ ገና ምላጩ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በተለይ አሜሪካ ውስጥ እየኖሩ ወደ ዒላማ መተኮሻ ሜዳ ለሚሄዱ ወገኖች ነው። ምሳሌዬም እዚያ በየሜዳው የሚታየው ኤአር-15 ነው። ንድፉ በ1950ዎቹ አርማላይት በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው የዩጂን ስቶነር ነው፤ "ኤአር" የሚሉት ሁለት ፊደላትም የኩባንያውን ስም ያመለክታሉ። ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ካላችሁ ጥይት ለማቀባበል የሚሳበው እጀታና ተኩስን የሚያግደው ሴፍቲ ያሉበት ቦታ ይለያል እንጂ የመመርመሩ መንገድ ብዙም አይለይም። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን መመሪያ ግን ሳታነቡ አትጀምሩ።

1. መጀመሪያ ምንም አትንኩ

ጠመንጃው ሲቆም እናንተም ቁሙ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ ይቆይ። ጣታችሁን ከምላጩ አውጡና ጎኑ ላይ አሳርፉት። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ አይወልቅም። ሴፍቲውን ለመዝጋት ሞክሩ፤ እምቢ ካለ አታስገድዱት። ኤአር-15 መዶሻው (ምላጩ ሲሳብ ተወርውሮ ጥይቱን የሚያስፈነዳውን መርፌ የሚመታው ብረት) ወደ ኋላ ተስቦ ካልተያዘ ሴፍቲው አይዘጋም። ይህም አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ መዶሻው ወድቋል ማለት ነው።

ለመሣሪያው አዲስ ከሆናችሁ እጃችሁን አንሱና የሜዳውን ኃላፊ ጥሩ። በዚህ የሚያፍር ሰው አይቻለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም። የኃላፊው ሥራ ይኸው ነው።

2. የመጨረሻው ተኩስ ምን ተሰማችሁ?

ምርመራው የሚጀምረው ከጆሮና ከትከሻ ነው። ሦስት ነገሮችን ለዩ።

ምላጩን ስትስቡ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ መዶሻው ወድቋል፤ ጥይቱ ግን አልፈነዳም። ምላጩ ልል ሆኖ ምንም ድምጽ ካላሰማ መዶሻው አልተያዘም፤ ብዙ ጊዜም ቦልቱ (ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተመላለሰ ጥይት የሚያስገባውና የሚዘጋው ብረት) መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ተኩሱ "ፑፍ" የሚል ደካማ ድምጽ ሰጠ፣ ሰደፉም ትከሻችሁን እንደ ወትሮው አልገፋም። እዚህ ላይ ጨዋታው አበቃ።

ደካማ ድምጽ ማለት በቀለሃው ውስጥ ያለው ባሩድ በቂ አልነበረም ወይም ጭራሽ አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል። እርሳሱን (የጥይቱን ተወርዋሪ ጫፍ) ከአፈሙዝ የሚያስወጣ ኃይል ስለሌለ በርሜሉ መሀል ተወትፎ ሊቀር ይችላል። በጋዝ የሚሠራ (ከሚቃጠለው ባሩድ ጋዝ ኃይል እያገኘ የሚያቀባብል) ጠመንጃ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ቀጣዩን ጥይት ራሱ አያቀባብልም። ተኳሹ የነከሰ ይመስለውና እጀታውን ስቦ በእጁ ያቀባብላል። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀጣዩ ጥይት ከተወተፈው ጋር ይጋጫል፤ በርሜሉ ይሰነጠቃል ወይም ይፈነዳል። ስለዚህ ደካማ ድምጽ ከሰማችሁ ሌላ ጥይት አታቀባብሉ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ካዝናውን አውጡ፣ ቻምበሩን (ጥይቱ የሚቀመጥበትን የበርሜሉን የኋላ ጫፍ) ባዶ አድርጉ። ከዚያ ቦልቱ ከጠመንጃው ከወጣ በኋላ በርሜሉን በመወልወያ ዘንግ ፈትሹ። ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር ካላለፈ የተወተፈ ነገር አለ። እሱን ማውጣት የመሣሪያ ጠጋኝ ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያው ፓኮ የቀሩትን ጥይቶችም አትተኩሱ።

3. "ቀጭ" ብሎ ዝም ሲል

ወታደር ሲሠለጥን ካዝናውን ከሥር መትቶ፣ እጀታውን ስቦ ወዲያው መተኮስን ይለማመዳል። ፊት ለፊቱ የሚተኩስበት ሰው ስላለ ነው። እናንተ ዒላማ ወረቀት ላይ እየተኮሳችሁ ስለሆነ ጊዜ አላችሁ። አፈሙዙን ሳታነቃንቁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አልፎ አልፎ ጥይት ዘግይቶ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ፤ ቦልቱን ከፍታችሁት ሳለ ከፈነዳ ቀለሃው ተሰነጣጥቆ ፊታችሁን ሊመታ ይችላል።

ከዚያ ካዝናውን አውጡና እጀታውን ወደ ኋላ ሳቡ። ምንም ጥይት ካልወጣ ችግሩ ቀላል ነው፤ ካዝናው በደንብ ስላልገባ ቦልቱ ጥይት አላገኘም። ካዝና ስታስገቡ ገፍታችሁ እንደገና ወደ ታች ሳብ አድርጉት፤ ከያዘ አይወጣም። 30 ጥይት የሚይዘው ካዝና ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ቦልቱ ተዘግቶ እያለ ለማስገባት ያስቸግራል። ብዙ ተኳሾች 28 ብቻ የሚሞሉት ለዚህ ነው።

ጥይት ከወጣ የኋላውን እዩ። መሀል ያለችው ክብ ፕራይመር (መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው) በደንብ ተጎድጉዳ ካልፈነዳች ጥይቱ ከሽፏል፤ ለብቻው አስቀምጡት። ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው ጥፋቱ ከጠመንጃው ሊሆን ይችላል። መርፌው ቆሽሿል፣ የመዶሻው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ቦልቱ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የኤአር-15 መርፌ በሞላ ስላልተያዘ፣ ጥይት በተቀባበለ ቁጥር ፕራይመሩን ነካ አድርጎ ትንሽ ነጥብ ይተዋል። ያ ጤነኛ ምልክት ነው። አንዱኑ ጥይት ግን ደጋግማችሁ እያወጣችሁ አታቀባብሉት።

4. ምላጩ ልል ሲሆን

አሁን የቀለሃ መውጫውን መስኮት እዩ። ጠመንጃውን ወደ ጎን አታዙሩት፤ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ በትንሹ ብቻ አጋድማችሁ እናንተ ጎንበስ በሉ።

አንድ ባዶ ቀለሃ በቦልቱ ተነክሶ መስኮቱ ላይ ቆሞ ልታዩ ትችላላችሁ። በጣት ጎትቶ ማውጣት ያምራል፤ ነገር ግን ትኩስ ነው፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ካዝናውን አውጡ፣ መስኮቱ ወደ መሬት እንዲያይ ጠመንጃውን አጋድሙ፣ እጀታውን በኃይል እስከ ኋላ ሳቡ። ቀለሃው ይወድቃል።

ሁለት ጥይቶች ተያይዘው ወደ ቻምበሩ ሲጋፉ ካያችሁ ነገሩ ጠንከር ይላል። ያለ ቅደም ተከተል ብትጎትቱ ይብሳል። መጀመሪያ እጀታውን እስከ ኋላ ስባችሁ፣ በግራ በኩል ያለውን የቦልት መያዣ የታችኛውን ጫፍ ተጫኑ፤ ቦልቱ ኋላ ላይ ይቆለፋል። ቀጥሎ ካዝናውን አውጡ። በራሱ ላይወድቅ ስለሚችል ማውጫውን ተጭናችሁ በእጅ ጎትቱት። ብዙ ጊዜ ጥይቶቹ በካዝናው ቀዳዳ በኩል ይረግፋሉ። ካልረገፉ እጀታውን ደጋግማችሁ ሳቡ። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ቦልቱ ድንገት ከለቀቀ አጥንት ይሰብራል። እንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ይበቃል። በመጨረሻ ቻምበሩን በዓይን አረጋግጡ፤ ጥይት ወይም ቀለሃ አለመኖሩን ሳታዩ አዲስ ካዝና አታስገቡ።

ቦልቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሚቆምበት ጊዜም አለ። ብዙ ኤአር-15ዎች በቀኝ በኩል ቦልቱን ወደፊት የሚገፋ ቁልፍ አላቸው። እኔ በዚህ ቁልፍ ማስገደድን አልመክርም። አልገባም ያለ ጥይት ምክንያት አለው፤ ተቆልምሟል፣ ቆሽሿል፣ ወይም ከነጭራሹ የዚያ ጠመንጃ ጥይት አይደለም። አውጥታችሁ እዩት። በተለይ 300 ብላክአውት እና 5.56 የተባሉትን የተለያዩ ጥይቶች የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ሁለቱም ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። ሁለቱ ጥይቶች አንድ ዓይነት ካዝና ውስጥ ይገባሉ። ብላክአውት በ5.56 በርሜል ውስጥ ከተተኮሰ ጠመንጃውን ያፈነዳዋል። ካዝናዎቹን በተለያየ ቀለም መለየት በጣም ይረዳል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ቦልቱ ተዘግቶ አልከፈት ሲል ነው። አንዳንዶች ሰደፉን መሬት ላይ እየመቱ እጀታውን ይስባሉ። ዘዴው ይሠራል፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ስለሚዞር ግን ብዙ ሜዳዎች አይፈቅዱትም፣ ውስጥ ያለው ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ውስጥ ያለውን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሜዳው ኃላፊ ወይም ለባለሙያ ተዉት። ያልተተኮሰ ጥይት እያለ በአፈሙዝ በኩል ዘንግ መስደድ ፈጽሞ አይሞከርም።

5. ለምን ነከሰ?

አስለቅቆ መቀጠል ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቴ ከነከሰ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው።

ከካዝናው ጀምሩ። ከሁሉም ርካሹና ቶሎ የሚበላሸው ክፍል እሱ ነው። ጥይቱን የሚይዙት የላይኞቹ ከንፈሮች ሲጣመሙ ወይም ሞላው ሲደክም ጥይት በትክክል አይቀርብም። ካዝናዎቻችሁ ላይ ቁጥር ጻፉ። ሁልጊዜ የሚነክሰው 3 ቁጥር ሲገባ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ፤ ካዝናውን ጣሉት።

ቀጥሎ ጽዳትና ዘይት። ኤአር-15 ከበርሜሉ የሚወስደውን ጋዝ ወደ ቦልቱ ተሸካሚ (ቦልቱን ይዞ ወደሚንቀሳቀሰው ብረት) ስለሚመልስ ጥላሸቱ እዚያው ይከማቻል። ደረቅ ሆኖ ሲተኮስ ይጎተታል። ተሸካሚው ከላይኛው አካል ጋር የሚፋተግባቸውን ቦታዎች በዘይት ማርጠብ አስገራሚ ለውጥ ያመጣል። በርሜሉና ቻምበሩ ግን ደረቅ ይሁኑ።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኤም-16 (የኤአር-15 ወታደራዊ ዓይነት) እየነከሰባቸው ተቸግረው ነበር። የጥይቱ ባሩድ ዓይነት ተቀይሯል፤ ቻምበሩ ዝገት በሚከላከለው ክሮም አልተለበጠም፤ ማጽጃ ዕቃም በበቂ አልታደለም። ቀለሃው ቻምበሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀር ነበር። በ1967 የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ። ክሮም ሲለበጥ፣ ማጽጃ ሲታደልና ወታደሩ ሲሠለጥን ችግሩ በጣም ቀነሰ።

ካዝናውም ንጽሕናውም ደህና ከሆኑ አንድ ሙከራ አድርጉ። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ጨምራችሁ ተኩሱ። ቦልቱ ኋላ ላይ ከተቆለፈ የጋዙ ኃይል በቂ ነው። ካልተቆለፈ በሌላ ካዝናና በሌላ ዓይነት ጥይት ድገሙት። አሁንም እምቢ ካለ ጋዝ የሚያስገባው ቁራጭ ላልቶ ወይም የቦልቱ የጋዝ ቀለበቶች አልቀው ሊሆን ይችላል። ቀለሃው ተተኩሶም ቻምበሩ ውስጥ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቀለሃ አውጪውን ጥርስና ሞላውን ጠርጥሩ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ባለሙያ በደቂቃዎች ይቀይራቸዋል።

የከሸፉትን ጥይቶች ወደ ቤት አትውሰዱ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥም አትጣሉ። ብዙ ሜዳዎች ለዚህ የተለየ ዕቃ አላቸው፤ ኃላፊውን ጠይቁና እዚያ አስቀምጡ።