ቦርዱን ይጠይቁት፦ የሬዲዮ ፈርምዌር ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሬዲዮውን 5.8 ጊጋኸርዝ ላይ እንዲያዳምጥ አዘዝኩት። ስክሪኑም 5.8 ጊጋኸርዝ ብሎ መለሰልኝ። የስህተት መልዕክት የለም፤ ናሙናዎቹም (ምልክቱ የተለካባቸው ቁጥሮች) ሳይቋረጡ ይፈስሳሉ። ይሁን እንጂ አጠገቡ ከተቀመጠው ማሰራጫ የሚመጣው ምልክት ጨርሶ አይታይም። አንቴናውን ቀየርኩ፤ ገመዱን ቀየርኩ፤ ማጉያውን አጥፍቼ አበራሁ። በመጨረሻ የፍሪኩዌንሲ ማመንጫውን ቺፕ ሬጂስተሮች (ቺፑ ቅንብሩን የሚይዝባቸው ትናንሽ ማስቀመጫዎች) አንብቤ በወረቀት ላይ ሳሰላቸው ሬዲዮው የተቀመጠው 1.505 ጊጋኸርዝ ላይ ነበር።

በሶፍትዌር የሚመራ ሬዲዮ፣ በአጭሩ ኤስዲአር፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ዕቃ ይመስላል። በውስጡ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ቦርዱ ላይ የሚሠራው ፈርምዌር (ቦርዱን የሚመራው ውስጣዊ ፕሮግራም)፣ ኤፍፒጂኤው (የውስጥ አሠራሩ በሚጫንበት ፋይል የሚወሰን ቺፕ) እና የሬዲዮ ቺፖቹ አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ስለሌላው የየራሳቸው ግምት አላቸው። ብልሽት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ግምት ከእውነታው ሲለይ የሚመጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ቦርዱን ሳይጠይቁ ስለ ቦርዱ መወሰን።

ፍሪኩዌንሲን በማይበቃው ቁጥር ውስጥ ማስቀመጥ

ከላይ የተናገርኩት ብልሽት ምክንያቱ ይህ ነበር። የመቀነስ ምልክት የማይቀበል የ32 ቢት ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እስከ 4,294,967,295 ድረስ ነው። 5,800,000,000 ኸርዝ ሲሰጡት ሞልቶ ይፈስስና የሚቀረው 1,505,032,704 ይሆናል። ፈርምዌሩ ይህን ቁጥር በታማኝነት ለቺፑ ያስተላልፋል፤ ቺፑም በታማኝነት ይታዘዛል። በመካከል የዋሸ የለም፤ ለዚህ ነው የስህተት መልዕክት የማይመጣው።

የመጨረሻው ውጤት በ32 ቢት ቢበቃ እንኳ በስሌቱ መሃል ያለው ቁጥር ላይበቃ ይችላል። አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው መቀበያ የሰዓት ምንጩ የሆነው ክሪስታል 28.8 ሜጋኸርዝ ነው። 28,800,000ን በ149 ቢያባዙት 4,291,200,000 ይሆናልና ይበቃል። በ150 ሲያባዙት ግን 4,320,000,000 ስለሚሆን ይፈስሳል። አባዝቶ ኋላ የሚያካፍል ቀመር ካለዎት እስከ 149 ድረስ እንከን የለሽ ሆኖ 150 ላይ ይሰበራል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ብልሽት በሁለት በሦስት ፍሪኩዌንሲ ሞክሮ «ይሠራል» የሚል ሰው አያገኘውም። ሙከራው በመጀመሪያው፣ በመጨረሻውና በየድንበሩ ላይ መሆን አለበት።

ነጠላ ስፋት ባለው ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር (በ32 ቢት ፍሎት) ማምለጥም አያዋጣም። 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 256 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ለውጥ ጨርሶ አይመዘገብም። የ64 ቢት ሙሉ ቁጥር ይጠቀሙ፤ ወይም ሃክአርኤፍ የተባለው የኤስዲአር ቦርድ እንደሚያደርገው ሜጋኸርዙንና ቀሪውን ኸርዝ በሁለት የተለያዩ የ32 ቢት ቁጥሮች ይላኩ።

ግማሹን አዘምኖ ግማሹን መተው

ፈርምዌሩ፣ የኤፍፒጂኤው ፋይልና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ላይብረሪ አብረው የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ላይብረሪ ጭኖ ቦርዱን ከሁለት ዓመት በፊት በነበረበት መተው ብዙ ሰዓት የሚበላ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው በአብዛኛው ይሠራል፤ የሚሰናከለው አዲስ ትእዛዝ ሲመጣለት ብቻ ነው። ዩኤስአርፒ የሚባሉት የኤስዲአር ቦርዶች ድራይቨር (ቦርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም) በዚህ በኩል የሚያስመሰግን ነው። ሲነሳ የኤፍፒጂኤውን የተኳሃኝነት ቁጥር ይጠይቃል፤ ካልገጠመ የጠበቀውንና ያገኘውን ቁጥር ጽፎ ያቆማል። የእርስዎ ፈርምዌር እንዲህ ያለ ጥያቄና መልስ ከሌለው ከማንኛውም ጥገና በፊት እሱን ይጨምሩ።

አዲሱ ፋይል የት እንደሚኖርም ማወቅ ያስፈልጋል። በሃክአርኤፍ ላይ ፈርምዌሩ ኃይል ሲቋረጥም በማይጠፋው የቦርዱ ፍላሽ ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። በዩኤስአርፒ ቢ200 ላይ ግን ኮምፒውተሩ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ፈርምዌሩንም የኤፍፒጂኤውን ፋይልም እንደገና ይጭናል። ያንኑ ቢ200 ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኙት ሌላ ፈርምዌር ይዞ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው።

መመለሻ ሳያዘጋጁ ፍላሹን መጻፍ

ሃክአርኤፍን ጨርሶ መግደል ከባድ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የዲኤፍዩን (የፈርምዌር መጫኛ ሁነታን) ቁልፍ ተጭነው ሪሴት ሲያደርጉት ፕሮሰሰሩ ፍላሹን ትቶ በራሱ ቋሚ ሚሞሪ ውስጥ ካለው ማስነሻ ይነሳል፤ ያንን ማስነሻ ደግሞ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ከዚያ ደህናውን ፈርምዌር በጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ ጭነው ፍላሹን እንደገና ይጽፋሉ። የያዙት ቦርድ እንዲህ ያለ መንገድ እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ። ማረጋገጥ ስል መመሪያውን ማንበብ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ቦርዱ ጤነኛ ሳለ አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ያስነሱት።

ሌላው የሚረሳው ነገር ፍላሹ ውስጥ ፈርምዌሩ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ብሌድአርኤፍን በመሳሰሉ ቦርዶች ላይ ለዚያ አንድ ቦርድ ብቻ የተለካ የሰዓት ምንጭ ማስተካከያ ቁጥር በዚያው ተቀምጧል። ፍላሹን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ሰው ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ የተለካውን ያንን ቁጥር አብሮ ያጠፋል። መጀመሪያ መላውን ፍላሽ አንብበው ያስቀምጡ። ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን ያነጻጽሩ።

ቅጂውን እንደ ዋናው ማመን

ብዙ ድራይቨሮች የቺፑን ሬጂስተሮች ቅጂ በራሳቸው ሚሞሪ ይይዛሉ። ምክንያታቸው በቂ ነው፤ አንድ ቢት ለመቀየር ቺፑን አንብቦ መልሶ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንዱ ቺፕ ደግሞ እንደልብ አይነበብም። ችግሩ የሚመጣው ቺፑ በራሱ ምክንያት ሪሴት ሲሆን ነው። የኃይል መስመሩ ለአፍታ ይወርድና ቺፑ ወደ መነሻ ሁኔታው ይመለሳል፤ ቅጂው ግን የቀድሞውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ፈርምዌሩ «ይህ ቢት ቀድሞም አንድ ስለሆነ መጻፍ አያስፈልግም» ብሎ ያልፈዋል።

በዚህ ምክንያት «አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል» የሚል ቅሬታ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ ቀድሜ የምመለከተው ቅጂውን ነው። ሬጂስተሮቹን በሙሉ ከቺፑ አንብቦ ከቅጂው ጋር የሚያነጻጽርና የተለያዩትን ብቻ የሚያሳይ አጭር ትእዛዝ ፈርምዌሩ ውስጥ ይኑርዎት። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ብልሽት ካጋጠመው በኋላ ይጽፈዋል፤ ቀድሞ ቢጻፍ የስንት ሌሊት እንቅልፍ ይተርፍ ነበር!

ሲያነብቡም ይጠንቀቁ። በአርቲኤል-ኤስዲአር ላይ ያለው አር820ቲ የተባለው የፍሪኩዌንሲ መምረጫ ቺፕ ሲነበብ የእያንዳንዱን ባይት ቢቶች ቅደም ተከተል ገልብጦ ነው የሚልከው፤ ድራይቨሩ መልሶ ይገለብጣቸዋል። ከዚህም ሌላ ወደ ቺፑ የሚወስደው የአይቱሲ መስመር (ቺፖች የሚነጋገሩበት ሽቦ) የሚከፈተው በዚያው መሣሪያ ላይ ባለው ሌላ ቺፕ በኩል ነው፤ በሩን ሳይከፍቱ ቢያንኳኩ መልስ የለም። ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ጤነኛውን ቺፕ ሞቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

የማዘግያ ትእዛዝን እንደ መድኃኒት መጠቀም

ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር ማመንጫው እስኪረጋጋ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዴ ሳይረጋጋ ሲቀር «አንድ ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ» የሚለውን አምስት ማድረግ ቀላል ነው፤ የበሽታው ምልክትም ይጠፋል። በሽታው ግን ቦርዱ ሲሞቅ ወይም ሌላ ቦርድ ሲመጣ ይመለሳል፤ ያኔ አሥር ይደረጋል። ማመንጫው መቆለፍ አለመቆለፉን፣ ማለትም በታዘዘው ፍሪኩዌንሲ ላይ መርጋት አለመርጋቱን፣ የሚናገር ቢት አለው፤ ይጠይቁት። አር820ቲን የሚያዝዘው ድራይቨር የመቆለፊያውን ቢት ያነብባል፤ ካልቆለፈ የማመንጫውን ኤሌክትሪክ ጨምሮ እንደገና ይሞክራል፤ ያም ካልሆነ አልቆለፈም ብሎ ይናገራል። መጠየቅ፣ በገደብ መሞከር፣ ካልተሳካ መናገር፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ገደብ የሌለው ጥበቃም ሌላ ጥፋት ነው፤ አንድ ቺፕ ዝም ሲል ቦርዱን ሁሉ ይዞ ይቆማል።

በኢንተራፕት ውስጥ ወሬ ማውራት

ኢንተራፕት ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቋርጦ የሚሠራው አስቸኳይ ሥራ ነው። ይህኛው ስህተት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጎበዝ ፕሮግራመሮችን ሳይቀር የሚጥል ነውና።

በሴኮንድ 20 ሚሊዮን ናሙና የሚቀበል ሬዲዮ ለእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ቢልክ በሴኮንድ 40 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 የመስመር ፍጥነት ራሱ በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ቢት፣ ማለትም 60 ሚሊዮን ባይት ስለሆነ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ናሙናዎቹ የሚጠራቀሙበት ባፈር 32 ኪሎባይት ቢሆን በ0.82 ሚሊ ሰከንድ ይሞላል። ፈርምዌሩ ከዚህ ጊዜ በላይ ሌላ ጉዳይ ላይ ከቆየ ናሙና ይጠፋል።

አሁን አንድ ሰው ናሙና የሚጠፋበትን ምክንያት ሊፈልግ ኢንተራፕቱ ውስጥ 50 ፊደል ያለው የማረሚያ መልዕክት ይጨምራል እንበል። በሴኮንድ 115,200 ቢት የሚያሳልፍ ተከታታይ መስመር ለአንድ ፊደል 10 ቢት ስለሚፈጅ በሴኮንድ የሚያሳልፈው 11,520 ፊደል ነው። ስለዚህ ያ አንድ መስመር ብቻ 4.3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ባፈሩ አምስት ጊዜ ሞልቶ ይፈስሳል። ሰውየው ችግሩን እየፈለገ ችግሩን ይፈጥራል፤ መልዕክቱን ሲያነሳው ደግሞ ሁሉም ነገር ስለሚለወጥ ግራ ይጋባል።

ያለው መፍትሔ ዋጋው ትንሽ ነው። ኢንተራፕቱ ውስጥ ቆጣሪ ይጨምሩ ወይም አንድ ቁጥር በክብ ባፈር ውስጥ ያስቀምጡ፤ ማተሙን ለዋናው ዑደት ይተዉት። ከዚያም የተሻለው አንድ ትርፍ የቺፕ እግር ኢንተራፕቱ ሲጀምር ከፍ፣ ሲጨርስ ዝቅ ማድረግና በኦሲሎስኮፕ ማየት ነው። ስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደቆየ በዓይንዎ ያዩታል።

ዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩን ሳይጠይቅ ሚሞሪ ላይ የሚጽፍ ክፍል) እና ካሽ (ፕሮሰሰሩ የሚሞሪውን ቅጂ የሚይዝበት ፈጣን ማስቀመጫ) አብረው ባሉበትም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ፕሉቶ በሚባለው ኤስዲአር ላይ ያለውን ዚንክ ቺፕ በመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ዲኤምኤው ሚሞሪው ውስጥ አዲስ ናሙና ሲጽፍ ፕሮሰሰሩ ከካሹ አሮጌውን ሊያነብ ይችላል። ተለዋዋጩን ቮላታይል ብሎ ማወጅ ለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ያዝዛል እንጂ ካሹን አያዝዝም።

ፈርምዌሩ ሲወድቅ ማሰራጫው እንደበራ መቅረቱ

መቀበያ ሲበላሽ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ማሰራጫ ሲበላሽ ግን በሌሎች ሰዎች ፍሪኩዌንሲ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ፈርምዌሩ ሲነሳ የመጀመሪያ ሥራው የማሰራጫውን ማጉያ ማጥፋት ይሁን፤ ስህተት ተቀብሎ የሚቆምበት መንገድ ሁሉም መጀመሪያ ማጉያውን ያጥፋ፤ የዩኤስቢ ገመድ ሲነቀልም እንዲሁ። የዋችዶግ ሰዓት ቆጣሪን (በየጊዜው ካልታደሰ ቦርዱን ሪሴት የሚያደርገውን) ከመደበኛ የሰዓት ኢንተራፕት ውስጥ ማደስ ደግሞ ከንቱ ጥበቃ ነው። ዋናው ዑደት ተንጠልጥሎ ሳለ ኢንተራፕቱ መምታቱን ስለሚቀጥል ዋችዶጉ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያምናል። ማደሱን ዋናው ዑደት ራሱ ይሥራው።

ሙከራውን በአንቴና አያድርጉ። በገመድና በምልክት ማዳከሚያ ያገናኙ። ሃክአርኤፍ ዋን ሲቀበል ሊሸከም የሚችለው እስከ ‑5 ዲቢኤም (የምልክት ኃይል መለኪያ) ነው፤ ሲያሰራጭ ግን በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ እስከ 15 ዲቢኤም ያወጣል። ሁለት ሃክአርኤፎችን ያለ ማዳከሚያ ካገናኙ ተቀባዩ ከሚችለው መቶ እጥፍ ኃይል ሊደርሰው ይችላል። 40 ዴሲቤል ማዳከሚያ በመካከል ያስገቡ።

ያልተበላሸውን መጠገን

በስክሪኑ መሃል ላይ ሁልጊዜ የምትታየው ቀጥ ያለች መስመር ብልሽት አይደለችም። ፍሪኩዌንሲን በቀጥታ ወደ ዜሮ የሚያወርዱ መቀበያዎች ባሕርይ ናት፤ የሚፈልጉትን ምልክት ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መቀበል ይበቃል። የክሪስታል መዛነፍም እንዲሁ ነው። 20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20) የሚዛነፍ ክሪስታል 1 ጊጋኸርዝ ላይ 20 ኪሎኸርዝ ያሳስታል። ይህን ማረም ተገቢ ነው፤ ግን በአንድ ቦታ ብቻ። ፈርምዌሩም ኮምፒውተሩም ካረሙት ስህተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይገለበጣል።

የሠሩበትን መሣሪያ አለማስቀመጥ

የምንጭ ኮዱን ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። ያው ኮድ በሌላ የኮምፓይለር ቨርዥን ሲገነባ የጊዜ አጠባበቁ ይለወጣል፤ መጠኑ ይጨምራል፤ አንዳንዴም ተደብቆ የኖረ ስህተት ይወጣል። በኤፍፒጂኤ በኩል ይብሳል። እንደ ስፓርታን-6 ላሉ የቀድሞ የዛይሊንክስ ቺፖች የሚያገለግለው የመገንቢያ ሶፍትዌር፣ አይኤስኢ፣ የመጨረሻ ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ 14.7 ነው፤ ዩኤስአርፒ ቢ200 የሚጠቀመው ይህንኑ የቺፕ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩን፣ ላይብረሪዎቹንና የኤፍፒጂኤውን መሣሪያ እንዳሉ በአንድ ምናባዊ ማሽን ውስጥ ያስቀምጡ።

ዋጋው የሚታየው «ከዓመት በፊት ይሠራ ነበር» የሚል ብልሽት ሲመጣ ነው። በመካከል 1,000 ለውጦች ቢኖሩ በየጊዜው መሃሉን እየከፈሉ ሲሞክሩ በ10 ሙከራ ጥፋተኛውን ለውጥ ያገኙታል፤ ግን እያንዳንዱን የቀድሞ ኮድ እንደያኔው መገንባት ከቻሉ ብቻ ነው።