ቀይ፣ ድርብ ኩክኔ፣ ቢጫ እግር፦ የሐበሻ ዶሮ ዘር መርጦ ማርባት በአዳማ

በበዓል ሰሞን አዳማ ገበያ ላይ ኩክኔው (አናቱ ላይ ያለው ሥጋ) ድርብ የሆነ ቀይ አውራ የያዘ ሻጭ ዋጋውን አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል። ጥቁር ባለ ነጠላ ኩክኔ የያዘው ግን ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ገዢ ሲለማመጥ ይውላል። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረታ ስወጣ ግቢዬ ውስጥ የሐበሻ ዶሮ ዘር መርጬ ማርባት የያዝኩት ይህን ልዩነት አይቼ ነው። ብዙ ሰው ሥራው በሙሉ ሸጋ አውራ መግዛት ይመስለዋል። ከጫጩቱ መልክ ግማሹ ከእናት የሚመጣ ስለሆነ፣ እናቶቹ ከየትም ተለቃቅመው አውራው ብቻ ቢያምር ዋጋ የለውም። ደግሞም ዓይን የሚያየውና ዶሮዋ በደሟ የያዘችው ሁሌም አንድ አይደለም።

ገበያው ከሚወዳቸው ከሦስቱ ምልክቶች፣ ከቀይ ቀለም፣ ከድርብ ኩክኔና ከቢጫ እግር፣ ቀላሉ ቢጫ እግር ነው። ጫጩት ነጩንም ቢጫውንም ከወረሰ ነጩ ቢጫውን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ እግሯ ቢጫ የሆነች ዶሮ ነጩን ደብቃ ልትይዝ አትችልም። ቢጫ ከቢጫ ካገናኛችሁ ቢጫ ነው የምታገኙት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቢጫው የሚመጣው ከምግብ ነው፤ ከቢጫ በቆሎ፣ ከአልፋልፋ፣ ከጎመን ቅጠል። ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ እግሯ ይገረጣል። እንቁላል ስትጥል የሰነበተችም ቀለሙ ወደ አስኳሉ ስለሚሄድ ቅልጥሟ ነጭ ይመስላል። ስለዚህ የእግር ቀለም መምረጥ ያለባችሁ ቄብ ሳለች ነው። ጎበዝ እንቁላል ጣይ እግሯ ገረጣ ተብላ ስትታረድ እያየሁ አዝናለሁ።

ኩክኔው ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ገበያው "ድርብ" ብሎ የሚጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ዝቅ ብሎ በሦስት መስመር የተደረደረ ነው፤ ሁለተኛው ሰፋ ብሎ ጀርባው የሚሻክር፣ ወደ ኋላ ሹል ጭራ ያለው ነው። እንግሊዛዊው የዘር ተመራማሪ ባቲሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 የዘር ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ ያሳየው በዚሁ በዶሮ ኩክኔ ነበር። ሁለቱም ነጠላውን ይሸፍኑታል። ሁለቱን ስታደባልቁ መጀመሪያ ሦስተኛ ዓይነት ጉብ ያለ ኩክኔ ይወጣል፤ በልጅ ልጅ ላይ ደግሞ ያልጠበቃችሁት ነጠላ ብቅ ይላል። ስለዚህ አንዱን ምረጡ። እኔ የያዝኩት ባለ ሦስት መስመሩን ነው፤ ሰፊው ኩክኔ ከሁለቱም ወላጅ የመጣለት አውራ የማስረገዝ አቅሙ ደከም ይላል።

አውራው ነጠላ ደብቆ እንደሆነ ለማወቅ ከነጠላ ኩክኔ ሴቶች ጋር አገናኙት። ነጠላ ጫጩት አንድ እንኳ ከወጣ ነገሩ አለቀ፣ ደብቋል። 7 ጫጩት ተፈልፍለው ሁሉም ድርብ ከሆኑ ግን ደብቆ የማምለጡ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም። የሙከራውን ጫጩቶች ለወጥ አሳድጓቸው እንጂ ለዘር እንዳትይዟቸው።

ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር እናት አታስገቡ፤ ጥቁሩ ቀዩን ይውጠዋል። ከሁለት ቀይ ወላጆች ድንገት ነጭ ጫጩት ከመጣ ሁለቱም ነጩን ተሸክመዋል ማለት ነው፤ ሁለቱም ከዘር ይወጣሉ። የአውራው ጭራ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ቢያብለጨልጭ ግን ነውር አይደለም፣ ቀይ አውራ እንዲያ ነው። የአዳማ ፀሐይ ላባ ስለሚያነጣ የጀርባውን ቀለም አትመኑ። ዶሮዋን ጥላ ውስጥ ያዟትና ክንፏን ከፍ አድርጋችሁ ፀሐይ ያልነካውን ላባ እዩ። እጃችሁ እዚያው ሳለ የደረት አጥንቷን በአውራ ጣት ከላይ እስከ ታች ዳብሱት። ከተጣመመ ቀለሟ ቢያምርም ትቅር። ቀጭን ቆጥ ላይ በልጅነት ማደር አጥንቱን ስለሚያጣምም፣ ቆጡ ጠፍጠፍ ያለ እንጨት ይሁን።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። አውራ ስትቀይሩ የድሮው አውራ ዘር በሴቷ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ 3 ሳምንት ጠብቁ፤ በመሃል የሚጣለው ለቁርስ ይሁን። እንቁላሉ ላይ የእናቲቱን ምልክትና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ አትጠቡት፤ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ከ7 ቀን ሳያልፍ አስታቅፉ። ለአንዲት ታቃፊ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል። በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት እዩት፤ ደም ሥር ያልታየበትን አውጡ። በ21ኛው ቀን ሲፈለፈሉ፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ስስ ቆዳ በመብሻ ብሱት። በሁለት እግር አራት ቦታ ስላለ 16 ዓይነት ምልክት ይወጣል፤ የየቤተሰቡን ምልክት ደብተር ላይ አስፍሩ።

ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ዶሮዎቹን ሦስት ቤተሰብ አድርጋችሁ ሴቶቹን ልጆች እናታቸው ቤት አስቀሩ፣ ወንዶቹን ወደሚቀጥለው ቤት አሻግሩ። ወንድም ከእህት እንዳይጋባ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም።

ጫጩት ማሳደጉን አላስረዝምም፤ እናት ካለች እሷ ታውቅበታለች። በመብራት የምታሳድጉ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። አዳማ ላይ ጠላታችሁ ነፋሱ ነው፤ በሩን ነፋስ በማይመጣበት በኩል አድርጉ፣ ግን ቤቱን አትድፈኑት።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ክትባቱ እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ ይመረታል። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ እኛ ሰፈር ባለዶሮዎች ተሰባስበን በአንድ ቀን ነው የምናስከትበው። ያም ሆኖ ዘሩን ሁሉ አንድ ግቢ አታስቀምጡ። እኔ አንድ አውራና ጥቂት ቄቦች ራቅ ያለ ሰፈር ካሉ እትዬ ዘንድ አኑሬያለሁ። ውላችን አጭር ነው፦ እንቁላሉ የእሳቸው፣ አውራው የእኔ። "ጋሼ፣ ፋሲካ ሲደርስ ግን ዓይኔን ከአውራው ላይ አላነሳም" ስላሉኝ፣ ከምርጫ የወደቀ ጎረምሳ አውራ በየፋሲካው እወስድላቸዋለሁ።