ሴቷን መሐንዲስ ላቦራቶሪ ውስጥ አትቆልፉባት

ስኳር ፋብሪካ የተቀጠርኩ ዕለት ቁልፍ ተሰጠኝ። የላቦራቶሪ ቁልፍ። አብረውኝ የገቡት ሁለት ወንዶች፣ ያውም የኔው ባች፣ ሺፍት ላይ ተመደቡ። እኔ ግን «ላብ ይሻልሻል፤ ንጹሕ ነው፣ እንፋሎትም የለው» ተባልኩ። አለቃዬ ክፋት አልነበረበትም። እንደ ልጁ አይቶኝ ነው። ጉዱ የታየው ከ4 ዓመት በኋላ የሺፍት መሪ ቦታ ሲወጣ ነው። መስፈርቱ በምርት ክፍል የ3 ዓመት ልምድ ይላል። እኔ ደግሞ እድሜዬን ብሪክስና ፒኤች፣ ማለትም ጭማቂው ውስጥ የሟሟውን ጠጣርና የአሲዱን መጠን፣ ስለካ ከርሜያለሁ።

ዛሬ ሰው የምመድበው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ወጣት ሴት ኬሚካል መሐንዲስ ለደረሳችሁ የክፍል ኃላፊዎች ነው።

ከምደባው ጀምሩ። ላብ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት እኔም እዚያው አስቀምጣታለሁ። ጭማቂው ላይ ኖራ ሲጨመር ፒኤቹ ዝቅ ካለ ስኳሩ ይፈርሳል፣ ከልክ ካለፈ ቀለሙ ይጠቁራል። ይህን ከቁጥሩ ትማራለች። ነገር ግን ቁጥር ማንበብና ቫልቭ ማዞር ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ከላብ የምትወጣበትን ቀን ምደባ ደብዳቤው ላይ ጻፉት። በቃል የተባለ ነገር በሥራ ብዛት ይረሳል። ከዚያ ወፍጮ፣ ቦይለር፣ ኢቫፖሬተር (ጭማቂው የሚተንበት)፣ ፓን (ሽሮፑ ፍሬ እስኪይዝ የሚፈላበት) እያለች ትዙር።

አስተማሪ ፈልጉላት። ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ የፓን ኦፕሬተር የነበሩ ጋሼ ናቸው። አንድ ሌሊት ናሙና ልወስድ ወጥቼ ጠሩኝ። ከፓኑ የቀዱትን ትኩስ ሽሮፕ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ያዙና ጣታቸውን ቀስ አድርገው ከፈቱት። ቀጭን ክር ተዘረጋ። «ይኸውልሽ፤ ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ ገና ነው። ሲረዝምልሽ ዘሩን ትለቂያለሽ» አሉኝ። ዘር የሚሉት የስኳሩ ፍሬ የሚጀምርበትን ደቃቅ ስኳር ነው። ከዚያ መስታወት ላይ ጠብ አድርገው ወደ መብራቱ ያዙትና የስኳሩን ፍሬ አሳዩኝ። አምስት ዓመት ስማር እንዲህ ያሳየኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው እናንተም ጋ አይጠፋም። ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ እሷ ባለችበት፣ «ጋሼ፣ ኢንጂነሯ ከእርስዎ ጋር ትሠራለች» በሉ። «ይቺን ልጅ አደራ» ካላችሁ ግን አለቀላት፤ ሻይ አመላላሽ ነው የምትሆነው።

ክረምት ገብቶ ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ይኑር። የተከፈተ ኢቫፖሬተር ውስጥ ቱቦው ላይ የተጋገረውን ቅርፊት ያላየ ሰው፣ እንፋሎቱ ለምን እንደሚባክን ቢነግሩትም አይገባውም።

ቱታ ደግሞ በልኳ ግዙላት። የኔ የመጀመሪያ ቱታ ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ እጅጌ ነበረው፤ የሚሽከረከር ፓምፕ አጠገብ ያ ቀልድ አይደለም። ሴፍቲ ጫማም 37 ቁጥር አለ፣ እዘዙ። ሽንት ቤቱስ የት ነው? 8 ሰዓት ሙሉ ውሃ ሳልጠጣ የዋልኩበት ጊዜ ስለነበር ነው የምጠይቃችሁ።

የሌሊት ሺፍትን በተመለከተ፣ በሷ ፋንታ አትወስኑ። ጠይቋት፤ ሰርቪሱም በሯ ድረስ ያድርሳት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት የከለከለው ነፍሰ ጡሯን ነው። ይህን ለሴት ሁሉ ዘርግቶ የሚያነብ አስተዳደር ገጥሞኛል። ያው አዋጅ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ፈቃዱን ማንም አይከለክላትም፤ የሚጠፋው ወንበሯ ነው። ሳትወጣ በፊት የምትመለስበትን ቦታ በጽሑፍ ስጧት፤ ከሥልጠና ዝርዝርም አትሰርዟት።

ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ በተራ ይያዝ። እድገት ሲታይ ደግሞ እሷ እዚያ ክፍል የለችም፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት። «ጎበዝ ናት» አይበቃም። «የኖራ ፍጆታውን የቀነሰችው እሷ ናት» ብላችሁ ሥራዋን ጥቀሱ። «ልታገባ ነው መሰለኝ» የሚል ካለ፣ ወንዱም እጩ ሊያገባ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ጠይቄ አውቃለሁ፤ ሳቁና አለፈ።

ባለፈው ዓመት እኔ ከመደብኳቸው አንዷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ፓኑ ፍሬ አልያዘም ብላ ጨንቋታል። ተነስቼ ጫማዬን ካጠለቅኩ በኋላ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«ክሩስ?»

«አጭር ነው፣ ይበጠሳል።»

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ዘሩን ሳልለቅ ትንሽ ላቆየው» አለችኝ።

«እንቢ ካለሽ ደውዪልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እሷም አልደወለችም።